የሞዛምቢክ ሰላም ለምን ሦስት ጊዜ ተፈረመ?

ስለ ሰላም ግንባታ ሲነሣ ሞዛምቢክ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀሰው በስኬት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የፈጀ ጦርነት በ1992 ሮም ላይ በተፈረመ ስምምነት ቆመ፣ አማፂው ፓርቲ ሆነ፣ ምርጫ ተካሄደ፣ ስደተኛው ወደ ቀዬው ተመለሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይኸው ሰላም ግን በ2013 ፈርሶ በ2014 ሁለተኛ፣ በ2019 ደግሞ ሦስተኛ ፊርማ አስፈልጎታል። የአማፂው የመጨረሻ የጦር ሰፈር የተዘጋው በ2023 ነው፤ ከመጀመሪያው ፊርማ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ደጋግሜ ሳየው ጎልቶ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ። ሮም ላይ ታጣቂው ከጦርነት የሚወጣበት በር በጥንቃቄ ተሠርቶ ነበር። በአገር አቀፍ ምርጫ የተሸነፈ ወገን ሕዝብ በመረጠው አካባቢ ምን ይደርሰዋል የሚለው ጥያቄ ግን ለነገ ተባለ። ነገው ሃያ ዓመት ዘገየና በጠመንጃ መጣ።

ጦርነቱ

ሞዛምቢክ ከፖርቱጋል ነፃ የወጣችው ጁን 25 ቀን 1975 ነው። ሥልጣኑን የያዘው ለነፃነት የታገለው ፍሬሊሞ ሲሆን መሪው ሳሞራ ማሼል ነበሩ። ፍሬሊሞ በ1977 ማርክሲስት ሌኒኒስት ፓርቲ መሆኑን አወጀ። ጎረቤት ሮዴዢያ በነጭ አናሳዎች አገዛዝ ሥር ነበረች። ማሼል የዚምባብዌን ነፃነት ታጋዮች ስላስጠጉ የሮዴዢያ የስለላ ድርጅት ከሞዛምቢክ ቅሬተኞች መካከል ሰው መልምሎ፣ አሠልጥኖና አስታጥቆ ሬናሞ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ዚምባብዌ በ1980 ነፃ ስትወጣ ቡድኑ በአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጦር እጅ ገባ። የመጀመሪያው አዛዥ በ1979 በውጊያ ተገድለው ስለነበር አመራሩን የያዙት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት አፎንሶ ዳላካማ ነበሩ። እስከ ሞታቸው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ገደማ፣ አልለቀቁትም።

መንግሥት ሬናሞን ለረጅም ጊዜ “የታጠቁ ሽፍቶች” እያለ ነበር የሚጠራው። ለአባባሉ ምክንያት ነበረው። ቡድኑ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያቃጥል፣ ሕፃናትን አፍኖ ያስታጥቅ፣ የሰው አካል ይቆርጥ ነበር። ከ400 በላይ ሰዎች ያለቁበት የ1987ቱ የሆሞይኔ ጭፍጨፋ የሚነሣውም ከሬናሞ ጋር ነው። ይሁን እንጂ የውጭ ገንዘብና ትእዛዝ ብቻውን አንድን ታጣቂ ቡድን በገጠር አሥራ ስድስት ዓመት አያቆይም። ፍሬሊሞ ገበሬውን በመንደር ምሥረታ ከእርሻው አፈናቅሎ አሰባስቦ ነበር። ባህላዊ አለቆችን የቅኝ ገዢ መሣሪያ ናቸው ብሎ ሽሯል፣ የቤተ እምነቶችን ንብረት ወርሷል። በመካከለኛውና በሰሜኑ ክፍል “አገሪቱ የደቡብ ሰዎች ሆነች” የሚለው ቅሬታ ከነፃነት ትግሉ ዘመን ጀምሮ ነበር። ሬናሞ ሶፋላ፣ ማኒካና ዛምቤዚያ ገጠር ሲገባ የተሻሩትን አለቆች መልሶ ሾመ። ገበሬው ወደደው ማለት አይደለም፤ ብዙ ቦታ ፈርቶት ነበር። ግን የፍሬሊሞን ሰው ከእርሱ አብልጦ የሚጠላ መንደርም አልጠፋም። ይህ የጂኦግራፊ ነገር በኋላ በምርጫ ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ከአሁኑ ቢያዝ ጥሩ ነው።

በውጊያ፣ በረኀብና በበሽታ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። 1.7 ሚሊዮን ያህሉ ጎረቤት አገር ተሰደደ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆነውን ያስጠጋችው ራሷ ደሃ የሆነችው ማላዊ ናት። በ1984 ማሼልና ደቡብ አፍሪካ በንኮማቲ “አንዳችን የሌላችንን አማፂ አንረዳም” ብለው ቢፈራረሙም የአፓርታይዱ ጦር ድጋፉን በድብቅ ቀጠለ። ማሼል በ1986 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞቱ ጆአኪም ቺሳኖ ተተኩ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ማንም ማንንም ማሸነፍ እንደማይችል ሁለቱም ያውቁ ነበር። የዚምባብዌ ወታደሮች ከቤይራ ወደብ ወደ አገራቸው የሚወስደውን የባቡርና የነዳጅ መስመር ይጠብቁ ነበር፤ ከዚያ ውጭ ገጠሩ የማንም አልነበረም። ፍሬሊሞ በ1989 ማርክሲዝምን ተወ፣ በ1990 ደግሞ የመድብለ ፓርቲ ሕገ መንግሥት አጸደቀ። ሬናሞ “የምታገለው ለዚህ ነው” ሲል የነበረው ጥያቄ ስለተመለሰ ለድርድር የቀረው የጉዳዩ አስቸጋሪው ክፍል ብቻ ሆነ፦ ዋስትና፣ ሠራዊትና ገንዘብ።

ሮም

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት የሞዛምቢክ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት መሪዎች በ1989 ናይሮቢ ላይ ከሬናሞ ሰዎች ጋር ተገናኙ። የኬንያና የዚምባብዌ መንግሥታት ለመሸምገል ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን ዚምባብዌ በጦርነቱ ውስጥ ወታደር ነበራት፣ ኬንያን ደግሞ የሞዛምቢክ መንግሥት የሬናሞ ወዳጅ አድርጎ ያያት ነበር። በዚህ መሀል በሩን የከፈተው ሳንት ኤጂዲዮ የተባለው፣ በ1968 ሮም ውስጥ በተማሪዎች የተመሠረተ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ነው። የቤይራው ሊቀ ጳጳስ ጃይሜ ጎንሳልቬስ ሮም በተማሩበት ጊዜ ከማኅበሩ ጋር ወዳጅነት መሥርተው ነበር።

የመጀመሪያው ፊት ለፊት ስብሰባ በጁላይ 1990 ትራስቴቬሬ በሚባለው የሮም ሰፈር፣ በአሮጌ ገዳም ሕንጻ ውስጥ ተካሄደ። ሸምጋዮቹ አራት ነበሩ፦ ጎንሳልቬስ፣ የማኅበሩ መሥራች አንድሬያ ሪካርዲ፣ ዛሬ ካርዲናል የሆኑት አባ ማቴዎ ዙፒ፣ እና የጣልያን መንግሥትን በመወከል ፖለቲከኛው ማሪዮ ራፋኤሊ። የመንግሥትን ልዑክ የመሩት የትራንስፖርት ሚኒስትሩ አርማንዶ ጌቡዛ፣ የሬናሞን ደግሞ ራውል ዶሚንጎስ ናቸው። የሁለቱ ሰዎች ዕጣ ራሱ የዚህ ጉዳይ ማጠቃለያ ሊሆን ይችላል። ጌቡዛ በ2005 ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ ጦርነቱ የተመለሰውም በእርሳቸው ዘመን ነው። ዶሚንጎስን ሬናሞ በ2000 አባረራቸው።

ስለዚህ ድርድር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው የሸምጋዮቹ ወዳጅነትና ትሕትና ነው። አልክድም፤ የጦር መሣሪያም ሆነ በሞዛምቢክ ሀብት ላይ ጥቅም የሌለው ሸምጋይ መሆን ትልቅ ነገር ነው። “ሽፍታ” ሲባሉ የኖሩ ሰዎች የመጀመሪያው የጋራ መግለጫ ላይ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላትና ወገን ተብለው መጻፋቸውም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ሃያ ሰባት ወር የፈጀውን ንግግር የገፋው ወዳጅነት ብቻ ነው ማለት ያሳስታል። የቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቷል፣ ደቡብ አፍሪካ ራሷ ኔልሰን ማንዴላን ፈትታ እየተደራደረች ነው፣ በ1991 እና 1992 ደግሞ ደቡባዊውን አፍሪካ ያነደደው ድርቅ መጣ። ገበሬው የሚበላው ሲያጣ ከገበሬው ላይ የሚበላ ሸማቂም ይራባል። በ1992 የሬናሞ አዛዦች ከማንኛውም የመንግሥት ጥቃት ይልቅ የፈሩት ተዋጊዎቻቸው ምግብ ፍለጋ እንዳይበተኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቺሳኖና ዳላካማ ኦክቶበር 4 ቀን 1992 ፈረሙ። ስምምነቱ ሰባት ፕሮቶኮሎች አሉት። አብዛኞቹ በሚገባ የተብራሩ ናቸው። አምስተኛው ፕሮቶኮል ውስጥ ግን፣ ስለ ዋስትና በሚያወራው ክፍል፣ ሬናሞ የመሪዎቹን ደኅንነት የሚጠብቁ የራሱ ሰዎች ለሽግግሩ ጊዜ እንዲኖሩት የሚፈቅድ አንቀጽ አለ። ያን ጊዜ ማንም ብዙ ትኩረት አልሰጠውም። ዳላካማ ማፑቶ ገብተው በመንግሥት ፖሊስ እንዲጠበቁ መጠየቅ በዚያ ወቅት ራሱ ድርድሩን የሚያፈርስ ጥያቄ ነበር። ጠባቂዎቹ ግን ሽግግሩ ካለቀም በኋላ በመካከለኛው ሞዛምቢክ ካለው ከጎሮንጎዛ ተራራ ዙሪያ አልተበተኑም።

የአንጎላ ጥላ

ሮም ላይ ፊርማው ሲፈረም ሌላዋ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት አንጎላ ከምርጫ ማግስት ላይ ነበረች። በሴፕቴምበር መጨረሻ 1992 ድምፅ ተሰጠ፣ ዩኒታ የተባለው የአንጎላ አማፂ ቡድን መሪ ዮናስ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም አሉ፣ በሳምንታት ውስጥ አገሪቱ ከቀድሞው ወደባሰ ጦርነት ተመለሰች። ሁለቱም ወገኖች ሠራዊታቸውን በሚገባ ሳይበትኑ ነበር ምርጫ የገቡት። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ በተያዘው ቀን ምርጫ ማካሄድ ከሁሉ በላይ ተቆጥሮ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በዲሴምበር 1992 ለሞዛምቢክ ያቋቋመው ኦኑሞዝ የተባለ ተልእኮ ከዚህ ፍርሃት የተወለደ ነው። ከ6 ሺህ በላይ ወታደር ተመደበለት። ከአንጎላው ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው። የዋና ጸሐፊው ልዩ ተወካይ ጣልያናዊው አልዶ አዬሎ ነበሩ። የሮሙ ስምምነት ምርጫው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲካሄድ ይላል፤ አዬሎ ግን መጀመሪያ ወታደሩ ካምፕ ይግባ፣ ከዚያ ይበተን፣ ከዚያ ምርጫ የሚለውን ቅደም ተከተል ይዘው ጸኑ። ምርጫው በአንድ ዓመት ተራዘመ።

የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ሊባክን ነበር። የሰላም አስከባሪው ጦር ዘግይቶ ገባ። ሬናሞ የመኖሪያ ቤት፣ የስልክና የመኪና ጥያቄ እያነሣ ካምፖቹን አልከፍትም አለ፤ መንግሥትም የወታደሮቹን ቁጥር እየለዋወጠ ጊዜ ገዛ። በኦክቶበር 1993 ዋና ጸሐፊው ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ራሳቸው ማፑቶ ሄደው ሁለቱን መሪዎች ካነጋገሩ በኋላ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ ወታደሮች ወደ ማሰባሰቢያ ካምፖች መግባት ጀመሩ። ካምፖቹ በድምሩ 49 ነበሩ፦ 29ኙ የመንግሥት፣ 20ው የሬናሞ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀውም። በ1994 አጋማሽ በየካምፑ አመፅ ተነሣ። አመፁን ያነሡት “ለምን ትጥቅ እንፈታለን” የሚሉ አልነበሩም። ብዙዎቹ “ለምን ቶሎ አትበትኑንም” የሚሉ ነበሩ። መንገድ ይዘጋሉ፣ አዛዦቻቸውን ያግታሉ፣ ጥያቄያቸው ግን ወደ ቤት መሄድ ነው። አዲሱ የጋራ ሠራዊት 30 ሺህ ሰው እንዲኖረው ታቅዶ ነበር፤ ፈቃደኛ የተገኘው ወደ 12 ሺህ ብቻ ነው። ከሁለቱም ወገን ከ70 ሺህ በላይ ሰው የሲቪል ልብስ ለብሶ ተሸኘ። የመሪዎቹ ጥርጣሬ ድርድሩን ሲያዘገይ ተራው ወታደር ጦርነቱን በራሱ ልብ ጨርሶት ነበር።

የሰላም ዋጋ

የተበተነ ወታደር የመጀመሪያውን ዓመት የሚያልፍበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። በሞዛምቢክ መንግሥት የስድስት ወር፣ ለጋሾች ደግሞ ተጨማሪ የአሥራ ስምንት ወር ድጎማ ሰጡ፤ በድምሩ ሁለት ዓመት። ክፍያው የሚፈጸመው ወታደሩ እኖርበታለሁ ባለው ወረዳ፣ በባንክ ቅርንጫፍ በኩል፣ በየተወሰነ ጊዜ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ግን ሰውየው ከአዛዡ ርቆ በትውልድ ቀዬው እንዲቆይ አደረገው፤ በዚያ ገጠር ጥሬ ገንዘብ በየወቅቱ ይዞ የሚገባ ሰውም ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ሸክም ሆኖ አይታይም። ሥራ ፈጠራ፣ ሥልጠና፣ አነስተኛ ብድር የሚባሉ ፕሮግራሞችም ነበሩ። እነርሱ ያመጡት ለውጥ ከዚህ ቀላል ክፍያ ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

ሌላው ገንዘብ የበለጠ ያከራክራል። ሬናሞ ከጫካ ወደ ከተማ ፖለቲካ እንዲሸጋገር የተባበሩት መንግሥታት ልዩ የአደራ ፈንድ ከፈተለት። ጣልያን ዋናዋ ሰጪ ነበረች፤ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። ከዚህ ውስጥ ለዳላካማ በወር 300 ሺህ ዶላር ይደርሳቸው ነበር። ደንብ አክባሪ ለሆኑት የለጋሽ አገር ሒሳብ ተቆጣጣሪዎች ይህ አስደንጋጭ ነው፤ ሕፃን ያስታጠቀን ድርጅት መሪ በደሞዝ መያዝ ይመስላል። መምሰል ብቻም አይደለም፣ ነውም። ይሁንና ሌላው አማራጭ ምን ነበር? ፍሬሊሞ የመንግሥት ሕንጻ፣ መኪና፣ ሬዲዮና ሠራተኛ ይዞ ለምርጫ ሲዘጋጅ ሬናሞ የነበረው ጫካና ጠመንጃ ነው። የሸማቂ መሪ ታማኞቹን የሚያስተዳድርበት ገንዘብ ከሰላሙ ካላገኘ ከየት እንደሚያገኝ የታወቀ ነው። አዬሎ ይህን ገና ከመጀመሪያው ተረድተው በግልጽ ተከራከሩለት። ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ ስለገባ ሬናሞ እንደ ፓርቲ ሳይሆን እንደ ዳላካማ ቤት ሆኖ አደገ። በኋላ በውስጡ ጎልቶ የወጣ ሁሉ ተገፋ። ዶሚንጎስ ተባረሩ። የቤይራ ከንቲባ ሆነው በከተማው ተወዳጅ የነበሩት ዳቪዝ ሲማንጎም በ2008 ዕጩነት ተከለከሉና በግል ተወዳድረው አሸነፉ፣ በማግስቱ ዓመት የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ። ጫካ የገባ ድርጅት ከተማ ሲገባ ውስጣዊ ዴሞክራሲ ይማራል ብሎ የጠበቀ ካለ እዚህ ላይ ተስፋው ተሟጧል።

በመንደር

ሮም ላይ ስለ በደልና ስለ ፍትሕ የተባለ ነገር እምብዛም የለም። ስምምነቱ በተፈረመ በአሥር ቀን ውስጥ አጠቃላይ ምሕረት ታወጀ። የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን አልተቋቋመም፣ ማንም አልተከሰሰም። በደቡብ አፍሪካ የተደረገው ዓይነት የአደባባይ ኑዛዜ ሞዛምቢክ ውስጥ አልታየም።

ይህ ማለት ግን ሰው ረሳ ማለት አይደለም። የተበተነ ወታደር፣ በተለይ ታፍኖ የተወሰደ ልጅ፣ መንደሩ ሲገባ በብዙ ቦታ የአገር መድኃኒተኞች የማንጻት ሥርዐት ይፈጽሙለት ነበር። የለበሰው ልብስ ይቃጠላል፣ ይታጠባል፣ የገደላቸው ሰዎች መናፍስት እንዳይከተሉት ይለመናል። በጎሮንጎዛ አካባቢ ደግሞ በጦርነቱ የሞቱ ወታደሮች መንፈስ በሕያዋን ላይ አድሮ በደሉን ይናገራል፣ ካሣም ይጠይቃል። ለፍርድ ቤት ያልቀረበው ክስ በመድኃኒተኛው ቤት ይሰማል ማለት ነው። እነዚህ ሥርዐቶች በለጋሾች ሪፖርት ውስጥ አንዳንዴ እንደ ጌጥ ብቻ ይጠቀሳሉ። እኔ ግን ከባንክ ክፍያው ጋር አብረው የቆሙ ይመስለኛል፤ አንዱ ሰውየው ቀዬው እንዲቆይ፣ ሌላው ቀዬው ሰውየውን እንዲቀበል ያደረገ።

ትጥቁን በተመለከተ የተሠራው ሥራ ግን የላላ ነበር። ኦኑሞዝ የሰበሰበው መሣሪያ አብዛኛው ሳይወድም ለአዲሱ ሠራዊት ተላለፈ፣ ብዙ የተደበቀ መሣሪያም ሳይገኝ ቀረ። የሞዛምቢክ አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በጳጳስ ዲኒስ ሴንጉላኔ አነሣሽነት ከ1995 ጀምሮ መሣሪያ ላስረከበ ሰው ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪናና የእርሻ መሣሪያ መስጠት ጀመረ፤ የማፑቶ አርቲስቶችም ከተቆራረጠው ጠመንጃ ቅርጻ ቅርጽ ሠሩ። ፕሮጀክቱ በዓለም የታወቀው በቅርጻ ቅርጾቹ ነው። ዋናው ፈንጂ የማጽዳቱ ሥራ ግን ረጅምና ዝምተኛ ነበር፤ አገሪቱ ከፈንጂ ነፃ መሆኗን ያወጀችው በ2015 ነው።

ካርታው

ምርጫው ከኦክቶበር 27 እስከ 29 ቀን 1994 ተካሄደ። ዳላካማ በዋዜማው “አልገባም” ብለው ሁሉንም አስደንግጠው ነበር፤ የጎረቤት አገር መሪዎችና ዲፕሎማቶች ሲያግባቧቸው ተመለሱ። ከተመዘገበው መራጭ 88 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጠ። ቺሳኖ 53.3 በመቶ፣ ዳላካማ 33.7 በመቶ አገኙ። ከ250 የፓርላማ መቀመጫዎች ፍሬሊሞ 129፣ ሬናሞ 112፣ አንድ ሌላ ጥምረት 9 ወሰዱ።

“ሽፍታ” ሲባል የኖረ ድርጅት 112 መቀመጫ ማግኘቱ ብዙ ታዛቢን አስገርሟል። ከዚያ በላይ የሚገርመው ግን የት የት አገኘው የሚለው ነው። በሕዝብ ብዛት ትልልቆቹ በሆኑት ናምፑላና ዛምቤዚያ፣ እንዲሁም በሶፋላ፣ በማኒካና በቴቴ ሬናሞ ቀዳሚ ነበር። የአገሪቱ መካከለኛ ክፍልና ከሰሜኑ ብዙው ማለት ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ግን የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። ዳላካማ ባሸነፍኩባቸው ክፍለ ሀገሮች ልሹም ሲሉ ጠየቁ፤ ቺሳኖ እምቢ አሉ። አስተዳዳሪዎቹ ሁሉ የፍሬሊሞ ሰዎች ሆኑ።

ቺሳኖ በሕጉ መሠረት ትክክል ነበሩ። የብሔራዊ አንድነት መንግሥት ይቋቋም የሚለውን ግፊትም ያልተቀበሉት ሕዝብ የመረጠውን በድርድር አልሸጥም በሚል ነው። ለዴሞክራሲ ቀናኢ የሆነ ሰው ይህን መከራከሪያ ሊንቀው አይችልም። ነገር ግን በሶፋላ ለሚኖር የሬናሞ መራጭ የምርጫው ትርጉም ምን ሆነ? ድምፁን ሰጠ፣ ፓርቲው በቀዬው አሸነፈ፣ ጠዋት ሲነሣ አስተዳዳሪውም፣ የወረዳው ሹምም፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊም ትናንት የነበሩት ናቸው።

በ1999 ልዩነቱ ጠበበ፤ ቺሳኖ 52.3፣ ዳላካማ 47.7። ሬናሞ ውጤቱን አልተቀበለም። በኖቬምበር 2000 በተቃውሞ ሰልፎች ሰዎች ተገደሉ፣ በሞንቴፑዌዝ ከተማ ደግሞ በተጨናነቀ የእስር ክፍል ውስጥ ከ80 በላይ እስረኞች ታፍነው ሞቱ። ቺሳኖ በ2004 ምርጫ ሳይወዳደሩ በፈቃዳቸው ወረዱና በ2007 በመልካም አስተዳደር ለተመሰገኑ የቀድሞ የአፍሪካ መሪዎች የሚሰጠው የመጀመሪያው የሞ ኢብራሂም ሽልማት ተሰጣቸው። ተተኪያቸው ጌቡዛ የፓርቲውን መዋቅር እስከ ታች አጠናከሩ፣ የመንግሥት ሥራና ንግድ ከፓርቲ አባልነት ጋር ይበልጥ ተጣበቀ። የሬናሞ መቀመጫም ከ117 ወደ 90፣ በ2009 ደግሞ ወደ 51 ወረደ። በዚያው ዘመን በቴቴ የድንጋይ ከሰል በስፋት መመረት ጀመረ፣ በሰሜኑ ባሕር ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። በድህነት ጊዜ መገለል አንድ ነገር ነው፤ ሀብት ሊመጣ ነው በሚባልበት ሰዓት መገለል ሌላ ነው።

ወደ ጎሮንጎዛ መመለስ

ዳላካማ በኦክቶበር 2012 የሮሙ ስምምነት ሃያኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን ጎሮንጎዛ ውስጥ ወደምትገኘው ሳቱንጂራ ገቡ። የቀድሞ ተዋጊዎች ተከተሏቸው። እነዚያ “ለሽግግሩ ጊዜ” የተፈቀዱት ጠባቂዎችና የድሮ ጓዶቻቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ። በኤፕሪል 2013 ሙሹንጌ ላይ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። በኦክቶበር ሠራዊቱ ሳቱንጂራን ያዘ፣ ሬናሞም የ1992ቱ ስምምነት አብቅቷል አለ። ሰሜንና ደቡብን የሚያገናኘው ዋና አውራ ጎዳና በወታደር አጀብ ብቻ የሚታለፍ ሆነ።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 2014 ጌቡዛና ዳላካማ ተኩስ ለማቆም ፈረሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ ሬናሞ በምርጫ አስፈጻሚው አካል ውስጥ ብዙ ሰው እንዲያስገባ ተፈቅዶለት ነበር። በወሩ በተደረገው ምርጫ የሬናሞ መቀመጫ ከ51 ወደ 89 ዘለለ። ይህን ቁጥር ያየ ፖለቲከኛ ምን ይማራል? በፓርላማ ቁጭ ብሎ በየምርጫው የጠበበው ድርጅት ጠመንጃ ሲያነሣ ሕግም ተሻሻለለት፣ ድምፅም አገኘ።

ዳላካማ አሁን ስድስት ክፍለ ሀገሮችን ላስተዳድር አሉ። ለክፍለ ሀገሮች የተለየ ሥልጣን የሚሰጠውን ረቂቅ ፓርላማው በ2015 ጣለው። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር የዳላካማ አጀብ ሁለት ጊዜ ተተኮሰበትና እንደገና ጫካ ገቡ። በ2016 ዓለም አቀፍ ሸምጋዮች ተጠሩ፤ ከመካከላቸው የሮሙ ራፋኤሊ ነበሩ። አልተሳካም። የተሳካው በጣም ቀላል ነገር ነው፦ አዲሱ ፕሬዚዳንት ፊሊፔ ንዩሲና ዳላካማ በቀጥታ በስልክ መነጋገር ጀመሩ። በዲሴምበር 2016 ተኩስ ቆመ። በኦገስት 2017 ንዩሲ ራሳቸው ጎሮንጎዛ ወጥተው ዳላካማን አገኟቸው። በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የግል መልእክተኛ የሆኑት የስዊዘርላንዱ አምባሳደር ሚርኮ ማንዞኒ ነገሩን ከጀርባ ሆነው ያስተባብሩ ነበር።

እዚህ ላይ ነው በ1994 የቀረው ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ የመጣው። የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ በምርጫ ይሁን ተባለ። ዳላካማ ሜይ 3 ቀን 2018 በዚያው በጎሮንጎዛ ሞቱ፤ የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ በዚያው ወር ጸደቀ። ተተኪያቸው ኦሱፎ ሞማዴ ኦገስት 6 ቀን 2019 ከንዩሲ ጋር ማፑቶ ላይ ፈረሙ።

ዝርዝሩን ስናይ ግን ደስታው ይቀዘቅዛል። የተመረጠው አስተዳዳሪ ጎን ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው የመንግሥት ተወካይ አለ፤ በጀትና ሥልጣን በሁለቱ መካከል ተከፍሏል፣ ክብደቱም ወደ ተሿሚው ያደላል። በኦክቶበር 2019 ምርጫ ደግሞ ፍሬሊሞ በአሥሩም ክፍለ ሀገሮች አሸነፈ ተባለ፤ ሬናሞ ማጭበርበር ነው አለ። ለሃያ አምስት ዓመት የተጠየቀው ሥልጣን ሲፈቀድ ለጠያቂው አንድም አልደረሰውም። ማሪያኖ ንዮንጎ የሚባል የሬናሞ አዛዥም ሞማዴን ክዶ በሶፋላና በማኒካ ጥቃት ከፈተ፣ በኦክቶበር 2021 ተገደለ።

ትጥቅ ማስፈታቱ ግን በዚህ ሁሉ መሀል ሳይቋረጥ ሄደ። ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። 5,221 የሬናሞ ታጣቂዎች፣ ብዙዎቹ ሽበታም፣ ከ16 ሰፈሮች ወጥተው ተበተኑ፤ የመጨረሻው ቩንዱዚ በጁን 2023 ተዘጋ። ከ1994ቱ የተለየው ነገር ጡረታ ነው፤ በ2023 መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች የጡረታ መብት በደንብ ፈቀደ። የመጀመሪያው ክፍያ ለሁለት ዓመት ነበር፣ የሁለተኛው ለዕድሜ ልክ።

በኦክቶበር 2024 ምርጫ የሆነው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ውጤቱን በመቃወም ማፑቶንና ሌሎች ከተሞችን ያጥለቀለቁት ወጣቶች የተከተሉት ከሬናሞ የወጡትን ቬናንሲዮ ሞንድላኔን እንጂ ሬናሞን አልነበረም፤ በወራቱ ግርግር በሲቪል ማኅበራት ቆጠራ ከ300 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ባጸደቀው ውጤት ሬናሞ በ28 መቀመጫ ሦስተኛ ሆነ። በ2025 የሬናሞ የቀድሞ ታጣቂዎች የፓርቲያቸውን ጽሕፈት ቤቶች፣ የማፑቶውን ዋና መሥሪያ ቤት ጨምሮ፣ ይዘው ሞማዴ ይውረዱ አሉ። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ አልያዙም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ያስወጣቸው ፖሊስ ነው።